ከግስ ወደ አገባብ፦ «ነበር» የተነሣበት ወንበር

መግቢያ

የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌን ባዘጋጀሁበት ጊዜ ከአንድ የግእዝ ገድል ጥቂት ምዕራፎችን ወደ አማርኛ መልሼ ነበር። ጽሑፉን ካስረከብሁ በኋላ ለዕረፍት ወደ ትውልድ አገሬ ወደ የጁቤ ወረድሁና ፊደል ላስቆጠሩኝ የኔታ ትርጉሙን አነበብሁላቸው። ዐይናቸው ደክሞ ስለ ነበር ግእዙን በቃላቸው እያስታወሱ ነበር የሚያዳምጡኝ። ጻድቁ በዋሻ ውስጥ «ነበረ» ከሚለው ቦታ ስደርስ በአማርኛውም «ነበር» ብዬ አለፍሁ። የኔታ በእጃቸው አስቆሙኝና፣

«ቆይ ልጄ፣ ተቀምጦ ያለውን ሰው ምነው አስነሣኸው?» አሉኝ።

«የኔታ፣ ነበር ብዬ ነው እኮ የመለስሁት።»

«እሱንማ ሰማሁ። አንተ የነገርኸኝ እዚያ እንደ ነበረ ነው፤ መጽሐፉ የሚለው እዚያ እንደ ተቀመጠ ነው። ለመሆኑ ወንበርን ከምን አመጣኸው?»

መልስ አልነበረኝም። ጽሑፉ ቀርቦ፣ ተፈትኖ፣ አልፎ ነበር፤ ስሕተቱም አብሮ አለፈ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ደግሞ፣ እኔ ራሴ አስተማሪ ሆኜ፣ አንዲት ተማሪ በፈተና ወረቀቷ ላይ «እናቷ ከጠዋት ጀምሮ ትጠብቃታለች» ብላ ጻፈች። «ጀምሮ» የሚለውን በቀይ አስምሬ «ጀምራ» ብዬ አረምሁ፤ ሁለት ነጥብም ቀነስሁ። ባለቤቱ አንስታይ ናትና ቦዝ አንቀጹም አንስታይ መሆን አለበት የሚል ነበር ምክንያቴ። ተማሪዋ ወረቀቷን ይዛ መጣችና በትሕትና፣ «መምህር፣ እንግዲያው ‹እሷ ደግሞ› ሲባል ለምን ‹እሷ ደግማ› አይባልም?» ስትል ጠየቀችኝ። ለዚህም በዕለቱ መልስ አልነበረኝም።

ሁለቱ ስሕተቶች ምንጫቸው አንድ መሆኑ የታየኝ ቆይቶ ነው። በመጀመሪያው፣ ዛሬ የሰዋስው መሣሪያ ብቻ ሆኖ የማውቀው ቃል ትናንት ሙሉ ግስ እንደ ነበረ ዘነጋሁ። በሁለተኛው፣ የሰዋስው መሣሪያ ወደ መሆን የደረሰውን ቃል ገና ሙሉ ግስ ነው ብዬ ያዝሁ። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው በእነዚህ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን መንገድ ነው። ይኸውም የአማርኛ ግሶች እንዴት ወደ አገባብነት እንደ ተሻገሩና ይህን መንገድ አለማወቅ በንባብና በእርማት ላይ ምን ጉዳት እንደሚያደርስ ነው።

፩. የመንገዱ ስም

በቅኔ ቤት ሰዋስው ግስና አገባብ የየራሳቸው ቦታ አላቸው። ግስ ይረባል፤ ከባለቤቱ ጋር በመደብ፣ በጾታና በቁጥር ይስማማል። አገባብ ግን ዐቢይ፣ ንዑስና ደቂቅ እየተባለ ተከፍሎ፣ ከሌላ ቃል ጋር እየተጠጋ ሙያውን ይፈጽማል እንጂ እንደ ግስ አይረባም። ይህ አከፋፈል ቋንቋው በአንድ ወቅት ያለውን መልክ በሚገባ ያሳያል። የታሪክ ተማሪ የሚጨምረው ጥያቄ አገባቡ ከየት መጣ የሚል ነው።

ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ አንቷን ሜዬ በ1912 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ ራሱን የቻለ ሙሉ ቃል ወደ ሰዋስው መሣሪያነት የሚለወጥበትን ሂደት ስም ሰጥቶ አብራርቶታል። ለእኛ ቅርብ የሚያደርገው፣ ደቀ መዝሙሩ ማርሴል ኮሄን ከ1910 እስከ 1911 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ቆይቶ ቋንቋዎቻችንን ያጠና መሆኑ ነው፤ ሰፊውን የአማርኛ ሰዋስው ጥናቱንም በ1936 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። የሂደቱ ምልክቶች በጥቅሉ ሦስት ናቸው። ትርጉሙ ይሳሳል፤ ርባታው ይቀራል፤ ድምፁ አጥሮ ከጎረቤቱ ቃል ጋር ይጣበቃል። ሦስቱ ሁልጊዜ አብረው አይገኙም። አንዱ ቀድሞ ሌላው ሊዘገይ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚያሳስተንም ይህ መዘግየት ነው።

፪. ተቀምጦ የነበረው ግስ

በግእዝ «ነበረ» ማለት ተቀመጠ፣ ኖረ፣ ቆየ ማለት ነው። ከዚሁ ሥር «መንበር» ይወጣል፤ የአማርኛው «ወንበር» ከ«መንበር» የመጣ ነው። «ነባር» የምንለውም በቦታው ተቀምጦ የቆየውን ነው። የመዝሙረ ዳዊት የመጀመሪያው መዝሙር ከፌዘኞች ጋር ስላልተቀመጠው ሰው ሲናገር በግእዝ የሚጠቀመው ይህንኑ ግስ ነው። የየኔታ ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ነበር።

ለውጡ የጀመረው በራሱ በግእዝ ውስጥ ነው። «ነበረ» ከካልኣይ አንቀጽ ጋር ሲሰለፍ ድርጊቱ ባለፈ ጊዜ ሲደረግ መቆየቱን ያመለክታል። አንድን ነገር እያደረገ የተቀመጠ ሰው ያን ነገር ሲያደርግ የቆየ ሰው ነው፤ አድማጩ መቀመጡን ትቶ መቆየቱን ከያዘ፣ ግሱ ከመቀመጥ ወደ ጊዜ አመልካችነት አንድ እርምጃ ሄደ ማለት ነው። አማርኛ መንገዱን ጨረሰው። ዛሬ «ነበር» ውስጥ መቀመጥ የሚባል ነገር የለም፤ «ቆሞ ነበር» ብንል ማንም አይደናገርም። ባዶ የቀረውን ቦታ «ተቀመጠ» እና «ቁጭ አለ» ያዙት።

የርባታውን ነገር ስንመለከት «ነበር» በሁለት መልክ ይገኛል። «እኔ እዚያ ነበርሁ» ስንል ከባለቤቱ ጋር ይስማማል። «እኔ እጽፍ ነበር» ስንል ግን «ነበርሁ» አንልም፤ ቃሉ በሦስተኛ መደብ ተባዕታይ ላይ ደርቆ ቀርቷል። በአንዱ አገልግሎቱ ገና ይረባል፤ በሌላው አገባብ ሆኗል።

ይኸው ሥር በሌላ በርም ወጥቷል። የ«ነበረ» «በ» ላልታ ስትጠፋ የተገኘው «ኖረ» ነው። «ኖረ» የመኖርን ትርጉም እንደ ያዘ ቆይቶ፣ በተራው «ኖሮ» በሚለው ቅርጹ ያልሆነ ነገር ቢሆን ብሎ ለሚያስብ ዐረፍተ ነገር አገባብ ሆነ። «ትናንት ብትመጣ ኖሮ ታገኘኝ ነበር» የሚለውን ዐረፍተ ነገር እንመልከት። ባለቤቱ «አንተ» ሆኖ ሳለ «ኖረህ» አንልም። «ኖሮ»ም «ነበር»ም ከአንድ ሥር የወጡ፣ ሁለቱም የመቀመጥ ልጆች ናቸው፤ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ግን የተቀመጠ ሰው የለም። አንድ ግስ በተለያየ ዘመን፣ በተለያየ ቅርጽ፣ ሁለት ጊዜ ተጉዞ አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ተገናኝቷል።

ይህ የአማርኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። በስፓኝ ቋንቋ «መሆን»ን ከሚያመለክቱት ሁለት ግሶች አንዱ፣ «ኤስታር»፣ በላቲን መቆም ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ ሌላው፣ «ሴር»፣ ከፊል ቅርጾቹን ያገኘው መቀመጥ ከሚለው የላቲን ግስ ነው።

፫. ስፌቱ የሚታየው «አለ»

በአማርኛ ሁለት «አለ» አሉ፤ ፊደሉ አይለያቸውም። ላልቶ የሚነበበው «ተናገረ» ማለት ሲሆን፣ ጠብቆ የሚነበበው መኖርን የሚያመለክትና ከግእዙ «ሀሎ» ጋር የሚዛመድ ነው። በቅድሚያ ጠብቆ የሚነበበውን እንመልከት።

«ይሄዳል» የሚለው ቃል «ይሄድ» እና «አለ» ተሰፍተው የተገኘ ነው፤ «ሄዷል»ም እንዲሁ «ሄዶ» እና «አለ» ነው። ማስረጃው ሩቅ አይደለም። «እወድሃለሁ» ስንል፣ ተሳቢውን የሚያመለክተው «ህ» የሚገኘው በቃሉ መጨረሻ ላይ ሳይሆን በመካከል፣ በ«እወድ» እና በ«አለሁ» መጋጠሚያ ላይ ነው። «ይወደኛል» በሚለውም «ኝ» እዚያው ስፌቱ ላይ አለች። ሁለቱ ቃላት ለየብቻ ይነገሩ በነበረበት ዘመን ተሳቢው በዋናው ግስ መጨረሻ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ «አለ» መጥቶ ሲጣበቅ ከውስጥ አስቀረው።

ሁለተኛው ማስረጃ «አለ» ያልደረሰባቸው ቦታዎች ናቸው። «ይሄዳል» እንላለን፤ ሲፈረስ ግን «አይሄድም» ይሆናል። በጥገኛ ሐረግም «ሲሄድ»፣ «የሚሄድ»፣ «ቢሄድ» እንላለን። አሉታና ጥገኛ ሐረግ አሮጌውን ቅርጽ እንደ ያዙ ሲቀሩ፣ አዲሱ ስፌት የገባው በአዎንታዊው ዋና ዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው። በምሳሌያዊ አነጋገርም አሮጌው ቅርጽ ይገኛል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል «ያስራል» አይደለም። እርግጥ የቤቱ መምታት ረድቶታል፤ ቢሆንም «ያስር» ብቻውን ዐረፍተ ነገር መዝጋት የሚችልበት ዘመን ባይኖር ኖሮ ቤት የሚመታበት ዕድል አያገኝም ነበር።

ሦስተኛው የጽሑፍ ማስረጃ ነው። ከ14ኛው እስከ 16ኛው ምዕት ዓመት ስለ ነገሡ ነገሥታት የተገጠሙት የአማርኛ ግጥሞች በእጃችን ካሉት እጅግ ጥንታውያን የአማርኛ ጽሑፎች መካከል ናቸው። በእነዚህ ውስጥ ካልኣይ አንቀጽ ያለ «አለ» ዋናውን ዐረፍተ ነገር ሲዘጋ እናገኛለን። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ጥንታዊ ጽሑፍ ለኅትመት የሚያዘጋጅ ሰው፣ ግጥሙ የጎደለ መስሎት በየመድረሻው «አል» ቢጨምር፣ የሚያርመው ስሕተት ሳይሆን የሚያጠፋው ምስክር ነው። አባ ጎርጎርዮስ በ1652 እ.ኤ.አ. ጎታ ከተማ ላይ ያስተማሩት ሂዮብ ሉዶልፍ በ1698 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውም ለዚህ ዓይነቱ ንጽጽር በየጊዜው ሊገለጥ የሚገባው መጽሐፍ ነው።

፬. የማይናገረው «ብሎ»

አሁን ላልቶ ወደሚነበበው «አለ» እንመለስ። «ድንጋዩ ዱብ አለ» ስንል፣ ድንጋዩ ሲወድቅ ያሰማውን ድምፅ እንደ ንግግር ቈጥረን በ«አለ» አስረነዋል። ከድምፅ ወደ እንቅስቃሴ ተሻገረና «ብድግ አለ»፣ «ቁጭ አለ» ተባለ። በመጨረሻም «ዝም አለ» ላይ ደረሰ። እዚህ ላይ ተናገረ የሚለው ግስ አለመናገርን ያመለክታል፤ የንግግር ትርጉሙ ፈጽሞ እንደ ለቀቀ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

«ብሎ»ም ሌላ ጎዳና ይዟል። «‹እመጣለሁ› ብሎ ሄደ» ስንል በእርግጥ የተናገረ ሰው አለ። «ይመጣል ብዬ አሰብሁ» ስንል ግን አፌን አልከፈትሁም፤ «ብዬ» የሠራው ሥራ የሐሳቡን ይዘት ከ«አሰብሁ» ጋር ማያያዝ ነው። «ለልጇ ስትል ብዙ ተቸገረች» በሚለውም የተባለ ነገር የለም፤ «ለ» እና «ስትል» ተባብረው ምክንያትን ያመለክታሉ።

ሆኖም «ብዬ፣ ብለህ፣ ብላ» እያልን ማርባታችንን አላቆምንም። ትርጉሙ ሩቅ ሲሄድ ርባታው ከኋላ ቀርቷል። ቀደም ብዬ ሦስቱ ምልክቶች አብረው አይገኙም ያልሁት ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ እኛ በየጁቤ፣ በቢቸናም በሞጣም፣ «ብየ»፣ «ሄጀ» ስንል እንሰማለን፤ የመጨረሻው አናባቢ ቢለይም ሙያው ያው ነው። ወደ ከተማ መጥቶ «ብየ» ሲል የሚሣቅበት ተማሪ አማርኛ አላበላሸም።

፭. የባሶ ገበያና የማላካ ወደብ

የጁቤ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው አገር በባሶ ሊበን የምትገኝ ከተማ ናት። በ19ኛው ምዕት ዓመት የባሶ ገበያ ከዓባይ ወዲያና ወዲህ ያሉትን አገሮች የሚያገናኝ ትልቅ ገበያ ነበር። ከደቡብ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ፣ እንዲሁም ለባርነት የተያዙ ሰዎች ይመጡበት ነበር፤ ከሰሜን አሞሌ ጨውና ልዩ ልዩ ሸቀጥ ይገባበት ነበር። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጎጃም የቆየው እንግሊዛዊ ቻርልስ ቢክ፣ የአገውን፣ የጋፋትን፣ የጎንጋን፣ የኦሮምኛንና የሌሎችንም ቋንቋዎች ቃላት ሰብስቦ በ1845 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ከእነዚህ መካከል ጋፋትኛ ዛሬ ተናጋሪ የለውም፤ ቮልፍ ሌስላው በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የመጨረሻዎቹን ጥቂት ተናጋሪዎች ፈልጎ ያገኘው በዚያው በጎጃም ነው።

የቢክ መዝገብ የቃላት መዝገብ ነው። ቋንቋዎች ጎን ለጎን ሲኖሩ ግን የሚዋዋሱት ቃል ብቻ አይደለም፤ የአነጋገር ሥርዓትም ይዋዋሳሉ። በኦሮምኛ «ጨል ጄዼ» ማለት ዝም አለ ማለት ነው፤ «ጄዼ» ደግሞ አለ፣ ተናገረ ማለት ነው። የአገው ቋንቋዎችም በዚህ ዓይነት «ማለት»ን ይጠቀማሉ። «አለ» ሥሩ ሴማዊ ሆኖ ሳለ የአሠራሩ ስፋት ከኩሽ ቋንቋዎች ጋር በነበረው ረጅም ጉርብትና የተገኘ ነው የሚለው አስተያየት በምሁራን ዘንድ የተለመደው ከዚህ የተነሣ ነው። ይህ ጉርብትና ከባሶ ገበያ እጅግ የቀደመ ነው፤ ገበያው ግን እንዴት ያለ ጉርብትና እንደ ነበረ በዐይነ ኅሊና ለማየት ይረዳናል።

ተመሳሳዩን ሩቅ አገር ብንፈልግ ማላካ አለች። ይህች ወደብ በ1511 እ.ኤ.አ. በፖርቱጋሎች እጅ ከመውደቋ በፊት ማሌይኛ የብዙ ነጋዴዎች መግባቢያ የሆነባት ነበረች። በማሌይኛ «ከና» ማለት ነካው፣ መታው ማለት ነው፤ ዛሬ ግን ከሌላ ግስ በፊት ገብቶ ክፉ ነገር የደረሰበትን ያመለክታል። «ከና ቲፑ» ሲሉ ተታለለ ማለታቸው ነው። በገበያው ማሌይኛ ደግሞ «ካሲ»፣ መስጠት፣ የአስደራጊነት ምልክት ሆኗል። ዛሬ በማሌይዢያ ከማሌይኛ ጋር ጎን ለጎን የሚነገረው ካንቶንኛም «በይ» የሚለውን መስጠት የተደራጊነት ምልክት አድርጎታል። በዚሁ በካንቶንኛ ማለፍ፣ መሻገር የሚለው «ግዎ» ለማበላለጥ ይገባል፤ «እሱ ረጅም ማለፍ እኔ» እንደ ማለት ተናግረው፣ እሱ ከእኔ ይረዝማል ማለታቸው ነው።

የእኛን «ይልቅ» ከዚህ አጠገብ እናስቀምጠው። «ይልቅ» ከ«ላቀ» የመጣ ነው፤ በለጠ፣ አለፈ ማለት ነው። «ከወርቅ ይልቅ ጥበብን መረጠ» ስንል «ይልቅ» እንደ ግስ አይሠራም። ካንቶንኛ ግሱን የማያረባ ቋንቋ ነው፤ አማርኛ ደግሞ ግሱን በቅድመ ቅጥያና በድኅረ ቅጥያ የሚያረባ ነው። እንዲህ የተራራቁት ሁለት ቋንቋዎች ከማለፍ ተነሥተው ማበላለጥ ላይ መድረሳቸው፣ ሂደቱ የአንድ ቋንቋ መበላሸት ወይም የተናጋሪ ስንፍና አለመሆኑን ያስረዳል።

፮. ለተማሪዋ የዘገየ መልስ

አሁን ወደ «እሷ ደግሞ» ልመለስ። «ደግሞ» የ«ደገመ» ቦዝ አንቀጽ ነው። ሁለት ዐረፍተ ነገሮችን እናስተያይ። «ደግማ ጠየቀች» ሲባል ጥያቄዋን ደገመችው፤ ግሱ ሙሉ ነው፤ ከባለቤቱ ጋር ይስማማል። «እሷ ደግሞ ጠየቀች» ሲባል ግን የተደገመ ነገር የለም፤ ከሌላው ሰው ቀጥላ፣ በበኩሏ፣ ጠየቀች ማለት ነው። ስለዚህ አይስማማም፤ አገባብ ነው። «ቀድማ ደረሰች» እና «እዚህ ቀድሞ ገበያ ነበረ»፣ «ሥራዋን ፈጽማ ሄደች» እና «ፈጽሞ አልሄደችም» በዚሁ ዓይነት ይለያያሉ። ከ«ቀረ» የወጣው «በቀር»ም ከዚሁ ማኅበር ነው።

«ጀምሮ» ዛሬ በመሻገሪያው ላይ ይገኛል። «ከጠዋት ጀምራ ትጠብቃታለች» ማለት ይቻላል፤ ጠባቂዋ የጀመረች ናትና። «ከጠዋት ጀምሮ ትጠብቃታለች»ም ይቻላል፤ እዚህ ላይ «ከ... ጀምሮ» ባንድነት ጊዜው የተነሣበትን ያመለክታል። «ከአባይ ጀምሮ እስከ ጣና» ስንልማ የጀመረ አካል ጭራሹን የለም። ሁለቱ ቅርጾች ጎን ለጎን የሚኖሩበት ዘመን ላይ ነን፤ ተማሪዋ የጻፈችው ትክክል ነበር። የቀነስሁት ሁለት ነጥብ ያለ አግባብ የተቀነሰ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተመለከትነው በሦስት ነጥቦች ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛ፣ አብዛኛው አገባባችን ታሪክ አለው፤ ብዙውም ከግስ የመጣ ነው። ሁለተኛ፣ ለውጡ በአንድ ጊዜ የሚፈጸም ስላልሆነ አንድ ቃል በአንድ ዘመን ግስም አገባብም ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሦስተኛ፣ የጥንት ጽሑፍ አንባቢ ቃሉ በዚያ ዘመን መንገዱን እስከ የት እንደ ሄደ፣ አራሚም ዛሬ የት እንደ ደረሰ ሳይጠይቅ ብዕሩን ማንሣት የለበትም።

በተለይ ከግእዝ ወደ አማርኛ የሚተረጉሙ ተማሪዎቻችን ፊደሉ ያልተለወጠውን ቃል አጥብቀው ሊጠራጠሩ ይገባል። ፈጽሞ የማያውቁት ቃል ሲያጋጥማቸው የደስታ ተክለ ወልድን ወይም የኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ይገልጣሉ፤ «ነበረ»ን ግን የሚገልጥ የለም፤ ሁሉም የሚያውቀው ይመስለዋልና። እኔም ያሳሳተኝ ይኸው ነው።

የኔታ ዛሬ በሕይወት የሉም። የማሟያ ጽሑፌ ከእነ «ነበር»ው በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ይገኛል፤ በኋላ የመጣ ተማሪ ሲጠቅሰውም አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ለራሴ ቅጂ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ «ተቀመጠ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ፣ ያች እርማት በእኔ ቅጂ ላይ ብቻ እንዳትቀር ብዬ ነው።